ቁስሉ የወታደሩ፣ ጠባሳው የቤተሰቡ

(አዲስ አበባ የሚኖሩ የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ተወላጆች የሚያዝያ 27ን የድል በዓል ምክንያት በማድረግ በተሰበሰቡበት ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ አርበኞች ተናገር» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ስለ ጀግኖቹና ስለ ፉከራቸው ግን ከእኔ የሚሻሉ ተናጋሪዎች ስላሉ ያንን ለእነሱ እተዋለሁ። እኔ የምናገረው ስለ ቁስለኛ ነው። ያውም ስለ አንድ አይሁዳዊ ቁስለኛና ስለ ቤተሰቡ። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አያችኋለሁ። «የጎጃም ሰው በድል በዓል ቀን የአይሁድ ወሬ ምን አመጣበት?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ግድ የለም፣ ታገሡኝ። መንገዱ የሚነሣው ከራሳችን አገር ነው።

1933 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን ኡም ኢድላ ላይ የሱዳንን ድንበር ተሻግረው አገራቸው ገቡ። በጎጃም በኩል የመጣውን ጦር ይመራ የነበረው ኦርድ ዊንጌት የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነው። ጦሩንም «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ሰየመው። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ሁሉ ስሙ ከየት እንደ መጣ ያውቃል። ጌዴዎን በ300 ሰው የምድያምን ሠራዊት የበተነ የእሥራኤል መስፍን ነው።

ዊንጌት ክርስቲያን ነበር፤ ልቡ ግን ወደ አይሁድ ያደላ ነበር። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ፍልስጥኤም ውስጥ በሌሊት የሚዋጋ ልዩ ጓድ አቋቁሞ የአይሁድ ወጣቶችን አሠልጥኗል። አለቆቹ «ይህ ሰውዬ የእኛ መኮንን መሆኑን ረሳው እንዴ?» ብለው ከዚያ አገር አነሡት። እሱ ግን ለጎጃም ዘመቻ ሲታዘዝ እንደገና ፊቱን ወደ እነዚያው ሰዎች መለሰ። አብሮት የዘመተው ጸሐፊው አብርሃም አካቪያ የሐይፋ አይሁዳዊ ነበር። ከፍልስጥኤም የመጡ አይሁድ ሐኪሞችም በጦሩ ውስጥ ነበሩ። እንግዲህ ጦሩ ከበላያ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬ ወደ ደምበጫ፣ ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገፋ ቁስለኛውን ካከሙት እጆች መካከል የአይሁድ እጆች ነበሩበት ማለት ነው።

በእርግጥ ዊንጌት ጎጃምን ባዶ ሜዳ ሆኖ አላገኘውም። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀ ጠላትን እንቅልፍ ነሥተውት ነበር የቆዩት። የእንግሊዝ መጻሕፍት የጦሩን ዕቃ ጭነው ስለመጡት ወደ 15 ሺህ ስለሚሆኑ ግመሎች፣ በመንገድ ላይም አብዛኞቹ ስለማለቃቸው በሰፊው ይተርካሉ። የግመሎቹ ቁጥር እንኳ ተይዟል እኮ! የቆሰለው የጎጃም ገበሬ ግን ስንት ነበር? ሚስቱ ማን ትባል ነበር? ከዚያ በኋላ ማን አረሰለት? ይህን የመዘገበ መጽሐፍ እኔ አላጋጠመኝም።

መጋቢት 28 ቀን ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ። እኛ የዛሬውን በዓል የምናከብረው በዚህ ነው። ከዚህ ቀን በኋላ 34 ቀን ቁጠሩልኝ፤ ሰኔ 1 ቀን 1933 ላይ ያደርሳችኋል። በዚያች ዕለት ሌላ የዊንጌት ደቀ መዝሙር ሊባኖስ ውስጥ ቆሰለ። ስሙ ሞሼ ዳያን ይባላል።

ዳያን ግንቦት 12 ቀን 1907 ዓ.ም. ደጋኒያ በምትባል የአይሁድ የኅብረት እርሻ ተወለደ። ወላጆቹ ከዩክሬን የመጡ ናቸው። ስሙን ያወጡለት እዚያው ደጋኒያ በተገደለ አንድ ወጣት ነው፤ ልጁ ገና ሲወለድ የሟች ስም ተሸክሞ ተወለደ ማለት ነው። ያደገው ናሃላል በሚባል መንደር አፈር እየገፋ፣ ላም እያለበ ነው። ያው እንደኛው የገበሬ ልጅ ነው። በሃያ ዓመቱ ሩት የምትባል የከተማ ልጅ አገባ። እሷም ለእሱ ብላ የገበሬ ሚስት ሆነች። የካቲት 1931 ላይ ያዔል የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ።

ልጅቷ አንድ ዓመት ሳይሞላት አባትየው እሥር ቤት ገባ። እንግሊዞች ከ42 ጓደኞቹ ጋር መሣሪያ ይዘው አገኟቸውና አካ ወኅኒ ቤት አጎሯቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዊንጌት ወገኖች እንግሊዞች፣ ዊንጌት ያሠለጠናቸውን ልጆች ነው ያሠሩት! የመንግሥት ወዳጅነት እንዲህ ነው፤ ዛሬ ጠብመንጃ አስጨብጦ ነገ «ለምን ጨበጥክ?» ይላል። ዳያን ከእሥር የተፈታው የካቲት 1933 ላይ ነው። የጌዴዎን ጦር ጎጃምን ሲያቋርጥ በነበረበት ወር መሆኑ ነው።

ከአራት ወር በኋላ እንግሊዞች ሊባኖስና ሶርያ ውስጥ የነበረውን የፈረንሳይ ጦር ሊወጉ ሲነሡ መንገድ የሚያውቅ ሰው አስፈለጋቸው። ትናንት ያሠሩትን ጠሩ። ዳያን ከጥቂት አይሁድ ጓደኞቹ፣ ከአውስትራሊያ ወታደሮችና ከአንድ ዐረብ መንገድ መሪ ጋር በሌሊት ድንበር ተሻገረ። እስክንድሩን በምትባል ቦታ አንድ የፖሊስ ጣቢያ ያዙ። ሲነጋ ተኩሱ በረታ። ዳያን ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ የጦር መነጽር ዓይኑ ላይ ደቅኖ፣ ጥይቱ ከየት እንደሚመጣ ሲያይ አንዱ ጥይት መነጽሩን መታው። መስታወቱና ብረቱ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሐይፋ ሆስፒታል የደረሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው።

የ26 ዓመት ወጣት ነው። ሚስት አለው፤ የሁለት ዓመት ልጅ አለችው። ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደነገረን በዚያ ሰዓት ያስጨነቀው ዓይኑ ብቻ አልነበረም። ሙያ የሌለው አካለ ስንኩል ሆኖ ቤተሰቡን በምን እንደሚያሳድር እያሰበ ነበር የተብሰለሰለው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ቆየሁ። ምክንያቱም እኔ ይህንኑ ጭንቀት በልጅነቴ፣ በአማርኛ፣ ከአንድ ጎጃሜ አንደበት ሰምቼዋለሁ።

አያቴ አርበኛ ነበሩ። ግራ ክንዳቸውን ተመትተው ክርናቸው አልታጠፍ ብሏቸው ኖረዋል። ሰው በተሰበሰበበት ቁስላቸውን አሳይተው ሲፎክሩ ያያቸው ሁሉ «ጀግና!» ይላቸዋል። ሌሊት ግን ክንዳቸው ሲጠዘጥዛቸው አያቴ፣ ሴቷን ማለቴ ነው፣ ተነሥተው ውሃ አሙቀው፣ ጨው ጨምረው ያጥቡላቸው ነበር። በሬ ጠምዶ እርፍ የሚይዝ ሁለት እጅ ያስፈልገዋል። አንድ እጅ ያለው ሰው መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ግማሽ ምርት ይጠብቃል። «ጠላት ያቆሰለኝ አንድ ቀን ነው፤ የሰው እጅ እያየሁ የምቆስለው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ነው» ይሉ ነበር። ለማስረጃ ብለው አንድ መሥሪያ ቤት ስንት ጊዜ ተመላለሱ! «ነገ ይምጡ» ተባሉ። ምስክር አምጡ ተባሉ። ምስክሮቹ በየተራ ሞቱ። እሳቸውም ሞቱ። ወረቀቱ አልመጣም።

ወደ ዳያን ልመለስ። የእሱ አገር ቁስለኛውን አልጣለውም። የዓይኑ ጉድጓድ ሰው ሠራሽ ዓይን መሸከም ስላልቻለ በጥቁር ጨርቅ ሸፈነው። ያ ጨርቅ ኋላ በዓለም ጋዜጦች ላይ የታወቀ ምልክት ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1958 የእሥራኤል ጦር ኤታማዦር ሹም፣ በ1967ቱ የስድስት ቀን ጦርነት ጊዜ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ። ለብዙ እሥራኤላውያን ያ ጨርቅ የድል ምልክት ነበር። መሬቱንና ቤቱን ለለቀቀው ፍልስጥኤማዊ ደግሞ የስደት ምልክት ነው። አንዱን ተናግሬ ሌላውን ብተወው ዋሽቻችኋለሁ።

ከጨርቁ ኋላ ያለው ቤትስ? እውነቱ ያለው እዚያ ነው። ዳያን ዕድሜ ልኩን ራስ ምታት አልለቀቀውም። ታናሽ ወንድሙ ዞሪክ ሚያዝያ 1940 ላይ በጦርነት ሲሞት ሚስትና ጨቅላ ልጅ ትቶ ሄደ። የዳያን ትዳርም ከ36 ዓመት በኋላ ፈረሰ። ለትዳሩ ታማኝ እንዳልነበረ ልጁ ያዔል ራሷ ስለ አባቷ በጻፈችው መጽሐፍ አልደበቀችም። እየወደደችው ወቀሰችው። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ የአገሪቱ ፓርላማ አባል ሆና ከፍልስጥኤማውያን ጋር ስለ ሰላም ስትከራከር ኖረች፤ ያረፈችው ግንቦት 2016 ላይ ነው። የቆሰለውን ባሏን ያስታመመችው ሩት «ማስኪት» የሚባል የጥልፍና የልብስ ድርጅት አቋቁማ ከየአገሩ ለመጡ ስደተኛ ሴቶች እንጀራ ከፈተች። በ103 ዓመቷ፣ ጥር 2013 ላይ ነው የሞተችው። ለእኔ የዚያ ቤት ጀግና እሷ ናት። እሱ አንድ ዓይን አጣ፤ እሷ ግን በሁለት ዓይኗ ሁሉን አየች።

የሰው ጭብጨባም ዕድሜው አጭር ነው። በ1966 ዓ.ም. መስከረም ግብፅና ሶርያ ድንገት ጦርነት ሲከፍቱ ከ2 ሺህ 500 በላይ የእሥራኤል ወታደሮች አለቁ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ያው ዳያን ነው። ትናንት አበባ የበተነለት ሕዝብ፣ ልጆቹን የቀበረ ወላጅ «ነፍሰ ገዳይ!» ብሎ ጮኸበት። በዚያ አገር አንድ የማደንቀው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ልጁ የሞተበት ሰው ሚኒስትሩን በአደባባይ መሳደብ ይችላል፣ መርማሪ ኮሚሽንም ይቋቋማል። እኛ ጋ እኮ ልጁ የት እንደ ወደቀ የጠየቀ አባት ነው የሚመረመረው!

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር መጣሁ። ይህ ሰው ከእኛ ጋር ሌላ ጉዳይ አለው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ በምሥራቅ ከሶማሊያ፣ በሰሜን ከሻዕቢያና ከጀብሃ ጋር እየተዋጋ መሣሪያ ጠምቶት ነበር። ከእሥራኤል ጋር የነበረው ግንኙነት በጃንሆይ ጊዜ፣ ጥቅምት 1966 ላይ፣ በአደባባይ ተቋርጧል። በጓሮ በኩል ግን መሣሪያ ይመጣ ነበር። ሜናኼም ቤጊን የእሥራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ለኮሎኔል መንግሥቱ ጥያቄ አቀረበ፤ በመሣሪያው ምትክ ቤተ እሥራኤላውያን እንዲወጡለት። መሣሪያ ጭነው የመጡት አውሮፕላኖች ሲመለሱ ወደ 120 የሚሆኑ ሰዎችን ይዘው ሄዱ። ሰው በጥይት ሣጥን ቦታ ተጫነ! የእኛ ሕዝብ ይህን ያውቅ ነበር? አያውቅም። ማን ጠይቆት? ማንስ ነግሮት?

የዚያን ጊዜ የእሥራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን ነበር። ጥር 1970 ማለቂያ ላይ ስዊዘርላንድ ሳለ እሥራኤል ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንደምትሸጥ በግልጽ ተናገረ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ደርግ ጉዱ ስለወጣበት ተቆጣ፤ እሥራኤላውያኑን አባረረ፤ ለቤተ እሥራኤላውያን ተከፍታ የነበረችው ጠባብ በርም ተዘጋች።

ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ? ከጎንደርና ከትግራይ የተነሡ ቤተ እሥራኤላውያን እናቶች ልጅ አዝለው፣ ሌሊት እየተጓዙ ቀን እየተደበቁ፣ ወደ ሱዳን በእግራቸው ተሰደዱ። በየመንገዱና በየመጠለያው ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ከኅዳር 1977 እስከ ታኅሣሥ 1977 «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው የአውሮፕላን ጉዞ ወደ ስምንት ሺህ ያህል ሰው ከሱዳን ተወሰደ። እሱም ወሬው አፈትልኮ በዓለም ጋዜጦች ሲወጣ በመሐል ተቋረጠ። ባል እዚያ፣ ሚስት እዚህ፤ ልጅ እዚያ፣ እናት ሱዳን በረሃ ውስጥ ቀረች።

ዳያን ያንን ቃል ሲናገር ይህን ሁሉ አስቦት ነው አልልም። እሱም ጥቅምት 6 ቀን 1974 ስለሞተ ፍጻሜውን አላየውም። ግን አያችሁ? በአንድ ጥይት ዓይኑን ያጣው ሰው፣ ቤተሰቤ ምን ይውጠው ይሆን ብሎ የተጨነቀው ያ ወጣት፣ ሚኒስትር ሲሆን በአንዲት ቃል የስንቱን ቤተሰብ ዕጣ ነካ! የጦር ቁስል በአንድ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። የባለሥልጣን ቃል ግን በማያውቃቸው ሰዎች ላይ ሁሉ ያርፋል።

ጥፋቱን ግን በዳያን ላይ ብቻ ጥለን እጃችንን መታጠብ አንችልም። ምስጢር አውጪውን ከመውቀሳችን በፊት ምስጢሩን እንጠይቅ። ዜጋን ከመሣሪያ ጋር የሚያስመዝን መንግሥት ምን ዓይነት መንግሥት ነው? ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 አገር ጥለው ሲኮበልሉ ድርድሩ አላበቃም። ግንቦት 16 እና 17 «ዘመቻ ሰሎሞን» በተባለው ጉዞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወጣ። ለዚያም 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። ሊፈርስ አራት ቀን የቀረው መንግሥት የመጨረሻ ንግዱን ነገደ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ስንት መቶ ሺህ ወታደር ተበተነ! አንዱ እግር የለው፣ አንዱ ዓይን የለው። ክራንች ተደግፎ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ በየአውቶቡስ ማቆሚያው የለመነውን ሁላችንም አይተናል። «የደርግ ወታደር» ተባለ እንጂ «የእናቱ ልጅ» ያለው አልነበረም። ከገበሬ ማኅበር ታፍሶ የሄደ፣ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ተይዞ የሄደ ልጅ ነው እኮ! መንግሥት ሲለወጥ ቁስሉም አብሮ ሕገ ወጥ ሆነበት።

ስለ እኛስ? ስለ ሕዝቡስ? እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልጨምር፤ አያቴን የሚመለከት ነው። ክንዳቸው እንቢ ብሏቸው እርፍ መያዝ ሲያቅታቸው አንድ ብረት ሠራተኛ ነበር መላ ያበጀላቸው። ከጎንደር በኩል የመጣ ሰው ነው። ሰፈሩ «ፈላሻ» ይለዋል፤ ሲከፋም «ቡዳ» ይለዋል። ይህ ሰው ከእርፉ ላይ አንድ የብረት ቀለበት ገጠመላቸው። አያቴ የማይታጠፈውን እጃቸውን በቀለበቱ ውስጥ አሾልከው እርፉን መጫን ቻሉ። ሁለት ክረምት ራሳቸው አረሱ። ያንን ቀን ሲያወሩት ፊታቸው ይበራ ነበር።

ታዲያ ሰውዬው ማረሻ ሊያደርስ ሲመጣ አያቴ ምን ይሉን ነበር መሰላችሁ? «ልጆች፣ ምግባችሁን ክደኑ!» የባላቸውን እጅ የመለሰውን ሰው ዓይኑን ፈሩት። በማረሻው አርሰን፣ በሸክላው ወጥ ሠርተን፣ በሠራው ጦር ተዋግተን እሱን ግን ከማዕዳችን አራቅነው። ርስት ነፈግነው። ኋላ ያ ቤተሰብ ከሰፈሩ ጠፋ። የት እንደ ሄዱ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። እኔም ልጅ ነበርኩ፤ አልጠየቅኩም። ዛሬ ስናገረው ያፍረኛል፤ ማፈርም ይገባኛል።

የሄዱትስ ምን ገጠማቸው? ሐይፋ አጠገብ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ «የሚን ኦርድ» የሚባል የወጣቶች መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመ ሲሆን ስሙ የወጣው ለዚያው ለኦርድ ዊንጌት ነው። ከሱዳን በረሃ ያለ ወላጅ የደረሱ የኢትዮጵያ ልጆች ካደጉባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። የጎጃምን ተራራ የወጣው ሰውዬ ስም እዚያ ሄዶ የእኛን ልጆች ተቀበላቸው። እዚህ አዲስ አበባም በስሙ ትምህርት ቤት እንዳለን ታውቃላችሁ። ልጆቹ አድገው የእሥራኤልን የወታደር ልብስ ለበሱ። ተዋጉ፣ ቆሰሉ፣ ሞቱም።

እዚያስ ተከበሩ? ጥር 1988 ላይ አንድ የእሥራኤል ጋዜጣ ጉዱን አወጣው። ቤተ እሥራኤላውያን የለገሱት ደም ለዓመታት ሳይነገራቸው ሲደፋ ኖሯል፤ ምክንያቱ የበሽታ ፍርሃት ነው ተባለ። በጦር ሜዳ የሚፈስሰው ደማቸው ይፈለጋል፤ በጠርሙስ ያለው ይደፋል! በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ኢየሩሳሌም ላይ ወጡ፤ ከፖሊስ ጋርም ተጋጩ። ሚያዝያ 2007 ላይ ደግሞ አንድ የወታደር ልብስ የለበሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በገዛ አገሩ ፖሊሶች ሲደበደብ በፊልም ታየ፤ አሁንም አደባባይ ወጡ። እዚህ «ቡዳ»፣ እዚያ «ጥቁር»። ሆኖም አንድ ነገር አድርገዋል፤ በሱዳን መንገድ ላለቁት ወገኖቻቸው ኢየሩሳሌም በሚገኘው የሄርዝል ተራራ መታሰቢያ አስቁመዋል። በየዓመቱ ወጥተው ያለቅሱላቸዋል። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከዘመዶቻቸው ጋር ለመገናኘት ዛሬም ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ።

ወገኖቼ፤ ይህን ሁሉ ያወራሁት የሰው አገር ታሪክ ላወራላችሁ ብዬ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የሆነውን ታውቃላችሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ይህቺው ጎጃማችን የጦር ሜዳ ሆናለች። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ስልክ ሲጮህ ልቡ የማይደነግጥ የደብረ ማርቆስ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ! የቆሰለው ስንት ነው? የነገረን የለም። በዚህኛውም ወገን በዚያኛውም ወገን የቆሰለው የገበሬ ልጅ ነው። ሁለቱም ቤት ውስጥ ሌሊት ተነሥታ ውሃ የምታሞቅ ሴት አለች። መግለጫው የሚነበበው ስለ ድል ነው። ስለ እሷ የሚነበብ መግለጫ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። መንግሥት እስኪመዘግብ አንጠብቅ፤ አያቴ ጠብቀው ምን እንዳገኙ ነግሬአችኋለሁ። እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ አንድ ደብተር እናውጣ። በቤተሰባችን ውስጥ የቆሰለ ሰው ስሙን፣ የት እንደ ቆሰለ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ቆሰለ እንጻፍ። አርበኛም ይሁን፣ የክብር ዘበኛም ይሁን፣ የደርግ ወታደርም ይሁን፣ ከዚያ ወዲህም ይሁን፤ ወገን ሳንለይ እንጻፍ። ከጎኑ ደግሞ ያስታመመችውን ሴት ስም እንጻፍ። ያዔል ዳያን የአባቷን ገመና ሳትደብቅ ስለጻፈች ነው ዛሬ እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን የዚያን ቁስለኛ ቤት የምናውቀው። አብርሃም አካቪያም ስለ ዊንጌት መጽሐፍ ጽፏል። ያልተጻፈ ቁስል ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

እኔ ጀምሬአለሁ። የወንድ አያቴንና የሴት አያቴን ስም ጽፌአለሁ። ቀጥሎ የዚያን ብረት ሠራተኛ ስም ልጽፍ ብዬ እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤ ለካ ስሙን አላውቀውም! በሰፈር ስድብ እንጂ በስሙ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቦታውን ባዶ ተውኩት። «እርፉ ላይ ቀለበት የገጠመው ሰው» ብዬ ብቻ አለፍኩ።

ከእናንተ መካከል ስሙን የሚያውቅ የሰፈሬ ልጅ ካለ፣ ከስብሰባው በኋላ እባካችሁ ጠጋ ብላችሁ ንገሩኝ።